60 ኦም እያሳየ የሚቆራረጥ መስመር፦ የአንድ ኤክስካቫተር የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

ማሽኑ ባለ 22 ቶን የሰንሰለት ኤክስካቫተር ነው። የሚሠራው ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነው። ሥራ ላይ እያለ ሞተሩ ድንገት ወደ ሚኒሞ፣ ማለትም ወደ ዝቅተኛው ፍጥነቱ፣ ይወርዳል። ሞኒተሩ ላይ የሞተር ሙቀትና የዘይት ግፊት ንባብ ይጠፋል፤ የግንኙነት ስህተት ምልክት ይበራል። አንዳንዴ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ ቁልፍ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ንቅንቅ አይልም።

ባለቤቱ ሲደውሉልኝ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር። «የሞተሩን ኮምፒውተር አዲስ ላስመጣ ወይስ ያገለገለ ልፈልግ?» ከእኔ በፊት ያየው ሰው ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ብሏቸዋል። ዕቃው በዶላር የሚገዛ ነው። ቢመጣም ለዚያ ማሽን ፕሮግራም ካልተደረገ አይሠራም። «ጋሼ፣ እኔ እስክመጣ ምንም እንዳይገዙ» አልኳቸው።

እንደደረስኩ የያዝኩት ኦፕሬተሩን ነው። ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያዬን፣ የማወጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ጠዋት ጠዋት ደህና ነው» አለኝ። «ከሞቀ በኋላ ነው የሚያስቸግረኝ። ድንጋይ ስነቅል ይብስበታል። ገረጋንቲ ስጭን ግን እምብዛም ነው።» መቼ ጀመረ? «ክረምቱ ሲገባ።» ከዚያ በፊት ማሽኑ ላይ ምን ተነካ? አሰብ አድርጎ ሦስት ነገር ነገረኝ። ጂፒኤስ ተገጥሟል። የባኬቱ ጥርስ መያዣ ተበይዷል። ሞተሩ በግፊት ውሃ ታጥቧል።

ሦስቱም ኤሌክትሮኒክስ የማይወዳቸው ነገሮች ናቸው። ሦስቱንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ሰኞ፣ ማታ

ኮምፒውተሮቹ የመዘገቧቸውን የስህተት ቁጥሮች፣ ኮዶቹን፣ ሳላጠፋ ገለበጥኳቸው። ብዙ ልጆች ማሽኑን እንዳገናኙ መጀመሪያ የሚያደርጉት ኮድ ማጥፋት ነው። ማስረጃውን አብሮ ማጥፋት ማለት ነው።

ማሽኑ ላይ የሚነጋገሩት ሦስት ናቸው፤ የሞተሩ ኮምፒውተር፣ የፓምፑ ኮምፒውተርና ሞኒተሩ። ኦፕሬተሩ ፍጥነት መጨመሪያዋን ሲያዞር ትእዛዙ መጀመሪያ ፓምፑ ኮምፒውተር ጋ ይደርሳል። ከዚያ በካን መስመር ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ትእዛዙ ሲቋረጥበት የሞተሩ ኮምፒውተር ለደኅንነት ብሎ ወደ ሚኒሞ ይወርዳል። ስለዚህ ሞተሩ መውረዱ ራሱ ብልሽት አይደለም። እንዲህ እንዲያደርግ ታስቦ ነው የተሠራው።

ለማያውቀው አንባቢ ስለ ካን ትንሽ ልበል። የጀርመኑ ቦሽ በ1986 ለመኪና ብሎ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱን ሽቦ ከመዘርጋት ይልቅ ሁሉም በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ይነጋገራሉ። ነገሩ የእድር ስብሰባ ይመስላል። አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል። ሁለት ሰው እኩል ከጀመረ ደግሞ ቅድሚያ ያለው ይቀጥላል፣ ሌላው ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። በከባድ ማሽኖችና በከባድ መኪኖች ላይ የሚነጋገሩበት ደንብ ጄ1939 ይባላል። የተለመደው ፍጥነቱ በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ነው። በአዳዲሶቹ ላይ 500 ሺህ አለ።

የጄ1939 ኮድ ሁለት ዋና ቁጥሮች አሉት። ኤስፒኤን የምንነቱ ነው፤ ችግሩ ያለው የቱ ጋ ነው የሚለው። ኤፍኤምአይ የሁኔታው ነው፤ እንዴት ተበላሸ የሚለው። ኤስፒኤን 639 ራሱ የመረጃ መስመሩ ነው። ኤፍኤምአይ 9 ደግሞ መልእክቱ በሚጠበቅበት ሰዓት አልደረሰም ማለት ነው።

አሁን ማን ማንን እንደከሰሰ እንይ። ሞኒተሩ ሞተሩን አልሰማሁም ይላል። የፓምፑ ኮምፒውተርም ሞተሩን አልሰማሁም ይላል። ሞተሩ በበኩሉ ፓምፑን አልሰማሁም ይላል። ሞኒተሩና ፓምፑ ግን አንዳቸው በሌላው ላይ ምንም ክስ የላቸውም። ሲጠፋም እርስ በርሳቸው ይሰማማሉ ማለት ነው። እንግዲህ ካቢኑ ውስጥ ያለው መስመር ደህና ነው። ችግሩ ከካቢኑ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ክፍል ወይም ሞተሩ ኮምፒውተር ጋ ነው።

ያ ሰው ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ያለው ሁሉም ክስ ውስጥ ሞተሩ ስላለበት ይመስለኛል። ኮድ ግን የሚነግርህ ማን እንዳልተሰማ ነው። ለምን እንዳልተሰማ መፈለግ የእኛ ሥራ ነው።

ማክሰኞ

ሌሊቱን ዘንቧል። ካባው ጭቃ ነው። ማሽኑ አልሞቀም።

ዋናውን የባትሪ ማጥፊያ ዘጋሁና ኮምፒውተሮቹ ሙሉ በሙሉ እስኪተኙ ጠበቅሁ። ኤሌክትሪክ ባለበት መስመር ላይ ኦም (የሽቦውን ተቃውሞ) መለካት ትርፉ የውሸት ቁጥር ነው። ከዚያ በመመርመሪያው ሶኬት ላይ፣ ካን ሃይና ካን ሎው በሚባሉት በሁለቱ የካን ሽቦዎች መሃል ለካሁ። 61 ኦም።

ጥሩ ነው። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ አንድ አንድ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር (ተቃውሞ የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ) አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሆኑ በቴስተር የሚታየው 60 ግድም ነው። 120 ካየህ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል። 40 ካየህ አንድ ሰው ሦስተኛ ሬዚስተር ጨምሯል፤ በኋላ የተገጠመ ዕቃ ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

ስለ ሶኬቱ አንድ ማሳሰቢያ። ባለ 9 ፒኑ ክብ ሶኬት ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። በጄ1939 ደንብ ኤ የባትሪው ኔጋቲቭ፣ ቢ ፖዘቲቩ፣ ሲ ካን ሃይ፣ ዲ ካን ሎው ነው። ካተርፒላር ላይ ግን ኤ ፖዘቲቭ፣ ቢ ኔጋቲቭ ነው። ካኑም ኤፍና ጂ ላይ ነው ያለው፤ ኤፍ ሎው፣ ጂ ሃይ። ዲና ኢ ካት ዳታ ሊንክ የሚባለው የካተርፒላር የራሱ የመረጃ መስመር ናቸው። መልኩን ብቻ አይቶ ከመርካቶ የተገዛ አዳፕተር የሚሰካ ሰው ባትሪውን ገልብጦ ነው የሚሰጠው። ቀለምም ይለያል። ጥቁሩ ለ250 ሺህ፣ አረንጓዴው ለ500 ሺህ ቢት ፍጥነት ነው።

ባትሪውን መልሼ ቁልፍ ከፈትኩ። ካን ሃይ ከግራውንድ ጋር 2.7 ቮልት። ካን ሎው 2.3። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። መስመሩ ዝም ሲል ሁለቱም 2.5 ላይ ይቀመጣሉ። መልእክት ሲያልፍ ሃይ ወደ 3.5 ይወጣል፣ ሎው ወደ 1.5 ይወርዳል። ቴስተር ፍጥነቱን ስለማይከተል አማካዩን ነው የሚያሳየው።

ብየዳውን አጣራሁ። በያጁ ባትሪ አልፈታም፤ ይኼ ጥሩ አይደለም። ግን የግራውንድ ማቆንጠጫውን እዚያው ባኬቱ ላይ ነበር ያሰረው። የብየዳው ኤሌክትሪክ በአጭር መንገድ ነው የተመለሰው፤ በፒኖችና ካቢኑ በሚዞርበት በስዊንግ ቤሪንጉ አልፎ ወደ ካቢን አልመጣም። ደግሞስ ብየዳ ያቃጠለው ቺፕ ጠዋት ጠዋት አይድንም። ይህን ተጠርጣሪ ሰረዝኩት።

ከሰዓት በኋላ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ አየሁ። ሞተሩ ተነስቶ፣ ፓውዛው በርቶ፣ ኤሲው እየሠራ። በኮምፒውተሩ ኔጋቲቭ ፒንና በባትሪው ኔጋቲቭ መሃል 0.7 ቮልት አገኘሁ። ይኼ ይበዛል። ከባትሪው ወደ ሻሲው የሚሄደው ወፍራም ገመድ እግሩ ላይ ቀለምና ዝገት አለ። ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁት። ከ0.1 በታች ወረደ።

ረዳቴ ደስ አለው። «ተገኘ ማለት ነው!» አልተገኘም። ካን የሁለቱን ሽቦዎች ልዩነት ነው የሚያነበው። ግራውንዱ በአንድ ሁለት ቮልት ቢንሸራተትም ይችለዋል። 0.7 ቮልት መብራት ያደክም ይሆናል፤ ይህን መስመር ግን አይቆርጠውም። ያጸዳሁት ነገ ሌላ ችግር ሆኖ እንዳይጠራኝ ነው።

እሮብ

የጂፒኤሱ ተራ። ከኦፕሬተሩ ወንበር ጀርባ ያለውን ሽፋን ስናነሳ ተገኘ። የካኑን ሁለት ሽቦዎች ላያቸውን ልጦ፣ የራሱን ሽቦ ጠምጥሞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎታል። ከዚያ እስከ ጂፒኤሱ ከሁለት ሜትር በላይ ሽቦ ሄዷል፤ ያውም ሳይጠማዘዝ ጎን ለጎን። በጄ1939 ዋናው መስመር እስከ 40 ሜትር ይሄዳል። በሺልድ (ረብሻ በሚከላከል የብረት ሽፋን) በተሸፈነው ዓይነት ላይ ግን ቅርንጫፉ ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ ነው የሚባለው። ከዚያ በላይ ሲሆን ምልክቱ ጫፍ ደርሶ ይመለስና ከሚቀጥለው ጋር ይጋጫል።

የቮልቱን ውጣ ውረድ በምስል በሚያሳየው መሣሪያ፣ ኦሲሎስኮፕ ላይ፣ በግልጽ ይታያል። ጂፒኤሱ ሲኖር የእያንዳንዱ ቢት ጠርዝ ይንቀጠቀጣል። ሲነቀል ቀጥ ይላል። በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ሲሄድ አንድ ቢት 4 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ጠርዙ ላይ የሚባክን ጊዜ የለም።

ነቅዬ ላሠራው አልኩ። ባለቤቱ ግን ሐሳብ ገባቸው። «ናፍጣ ቢቀዳብኝስ?» ጂፒኤሱን ያስገጠሙት ለዚህ ነው። ኦፕሬተሩ አጠገባችን ቆሟል። ወደ ሰማይ አየ። «ጋሼ፣ ለግማሽ ቀን ብቻ» ብዬ ነቀልኩት።

5 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ድንጋይ ላይ እያለ፣ ሞተሩ እንደለመደው ወረደ። ጂፒኤሱ ጥፋት አለበት፤ የዚህ ችግር ባለቤት ግን እሱ አይደለም።

እንግዲህ ብልሽቱ በሚከሰትባት ቅጽበት ማየት አለብኝ። ኤክስካቫተር ካቢን ውስጥ ለሁለት ሰው ቦታ የለም፤ ቢኖርም ካባ ውስጥ አልሞክረውም። ኦሲሎስኮፑን ወንበሩ ጀርባ አሰርኩት። ሁለቱን መስመሮች ለየብቻ አገናኘሁ። ካን ሃይ ከተለመደው በላይ ሲወጣ ምስሉን እንዲይዝ አዘጋጀሁትና ወረድኩ። ሻይ ጠጣን።

ምሳ ሳይደርስ ያዘው። ምስሉን ላፕቶፕ ላይ ከፍቼ ብዙ አየሁት። ከዚህ ሥራ ውስጥ የወደድኩት ክፍል ይኼ ነው።

በመጀመሪያ፣ የፓምፑና የሞኒተሩ መልእክቶች ቁመታቸው ጨምሯል። ካን ሃይ ከ3.5 አልፎ ወደ 4 ተጠግቷል፤ ካን ሎው ከ1.5 በታች ወርዷል። ሲመለሱም እየተጎተቱ ነው። መስመሩ ላይ ያለው ሸክም ሲቀንስ እንዲህ ይሆናል። አንዱ ባለ 120 ኦም ሬዚስተር ጠፍቷል ማለት ነው። በዚህ ማሽን አንዱ ሬዚስተር ካቢን ውስጥ ነው። ሌላው የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይጣፍጣል። በመሃል በመሃል ሁለቱም መስመሮች አንድ ላይ ወደ ላይ ይዘላሉ። ጤነኛ ካን ላይ አንዱ ሲወጣ ሌላው መውረድ አለበት። አንድ ላይ የሚዘሉት ሞተሩ ሊናገር ሲሞክር ነው። ካን ሃዩ ስላልተቆረጠ ይገፋዋል። ካን ሎው ግን ወደ ታች የሚጎትተው የለም፤ በካቢኑ ሬዚስተር በኩል ሃዩን ተከትሎ ይወጣል። ልዩነታቸው ዜሮ አካባቢ ስለሚሆን ሌሎቹ ምንም አይሰሙም።

ስለዚህ የሚቆረጠው የካን ሎው ሽቦ ነው። ቦታውም ከካቢን እስከ ሞተሩ ኮምፒውተር ባለው መንገድ ላይ። አንድ ቦልት ሳይፈታ ይህን ያህል መጥበብ ትልቅ ነገር ነው።

እሮብ፣ አመሻሽ

ማሽኑ እንደሞቀ እንዲቆም አደረግሁ። ባትሪ ተዘጋ። ቴስተሩን መመርመሪያው ሶኬት ላይ ተከልኩ፤ 61 ኦም። ረዳቴ ከካቢኑ ጀርባ ጀምሮ ዋየሪንጉን እየያዘ በእጁ ይነቀንቃል። እኔ ቁጥሩን እያየሁ «ቀጥል» እላለሁ። ካቢን ጀርባ፣ ምንም። የሃይድሮሊክ ቱቦዎቹ አጠገብ፣ ምንም። ፓምፑ ክፍል ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ጋ ሲደርስ 61 የነበረው 120 ሆነ። ተመለሰ። እንደገና 120።

ይህንኑ መነቅነቅ ጠዋት በቀዝቃዛው ብናደርገው ላይታይ ይችል ነበር። የሚሞቅ ብልሽት ሲሞቅ ነው የሚለካው።

ሐሙስ

ሶኬቱን ከፈትነው። ውስጡ ትንሽ እርጥበት አለ። አንዱ ፒን ላይ አረንጓዴ ጀምሯል። ውሃው የገባበትም ታወቀ። ሶኬቱ ላይ ሽቦ የሌለበት አንድ ባዶ ቀዳዳ አለ፤ የሚደፍነው ፕላስቲክ ወልቋል። የግፊት ውሃ እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ካገኘ ሌላ አይፈልግም።

አረንጓዴው ፒን ግን የካን ሎው ፒን አይደለም። የካን ሎው ንጹሕ ነው። እዚህ ላይ አጽድቶ፣ ኮንታክት ክሊነር ነፍቶ፣ ገጥሞ መሄድ ይቻላል። ለሁለት ሳምንት ይሠራ ይሆናል።

እኔ ግን የፒኖቹን አያያዝ ነው የማየው። ልኩ የሆነ ትርፍ ወንዴ ፒን ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እያንዳንዱ ሴቴ ፒን ውስጥ አስገብቼ እስበዋለሁ። ጤነኛው ይይዝሃል፣ ትንሽ ይታገልሃል። አንደኛው ያዘ። ሁለተኛው ያዘ። ካን ሎው ላይ ስደርስ ፒኑ ያለ ምንም ትግል ገባ፣ ያለ ምንም ትግል ወጣ። በእጅ ባትሪ አፉን ሳየው ተከፍቷል፤ ጠርዙም ተፍቋል።

ወፍራም የቴስተር ጫፍ ገብቶበታል። ኦፕሬተሩን ጠየቅሁት። ከእጥበቱ በኋላ ማሽኑ ሲያስቸግር የመጣው ሰው ይህንኑ ሶኬት ከፍቶ፣ አድርቆ፣ «ለክቶ» ነበር። የዚያን ጊዜው ችግር ውሃው ሳይሆን አይቀርም። ውሃው ደረቀ፤ የተከፈተው ፒን ግን ቀረ። ሲሞቅና ድንጋይ ሲያንቀጠቅጠው ይለቃል። ገረጋንቲ ላይ ንዝረቱ ስለሚቀል ይይዛል። ኦፕሬተሩ ሰኞ ዕለት የነገረኝ ሁሉ ገጠመ።

ሴቴ ፒን ፊት ለፊት በቴስተር ጫፍ አይወጋም። ከጀርባ በኩል፣ በጎማው ማሸጊያ ጎን፣ በቀጭን መርፌ ነው የሚለካው። ፊት ለፊት የግድ ከሆነ ልኩ የሆነ ወንዴ ፒን ሽቦ ቀጥለህበት ትሰካለህ።

አዲስ ፒን ቡታጅራ የለም። ሶማሌ ተራ ደወልኩ። ከአሮጌ ማሽን ተቆርጦ የመጣ ሶኬት ከነሽቦው አለ አሉኝ። የሌላ ሰው የተከፈተ ፒን ገዝቼ ልግጠም? ተውኩት። አዲስ አበባ ያለ የሙያ ጓደኛዬ አዲስ ፒኖችና የቀዳዳ መድፈኛ አገኘልኝና በሚኒባስ ላከልኝ።

ዓርብ

ዕቃው ረፋድ ላይ ደረሰ። የካኑን ሁለቱንም ፒኖች ቀየርኩ፤ አረንጓዴ የጀመረውንም ጨምሬ። በፒኑ ልክ መጭመቂያ ነው የጨመቅሁት። ሶልደር አልነካሁም። ሶልደር ሽቦው ውስጥ ሰርጎ ያደርቀዋል፤ ንዝረት ባለበት ማሽን ላይ ደረቁ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይሰበራል። ባዶው ቀዳዳ ተደፈነ። የፒኖቹ መቆለፊያ ገብቶ «ቀጭ» ማለቱን ሰማሁ። ዋየሪንጉን ከሶኬቱ ትንሽ ራቅ ብዬ አሰርኩት፤ ክብደቱ ፒኖቹ ላይ እንዳይንጠለጠል።

ወንበሩ ጀርባ የተላጡትን ሽቦዎችም አስተካከልኩ። የጂፒኤሱን ቅጥያ አንስቼ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ሸፍኜ፣ መልሼ ጠመዘዝኳቸው። መጠምዘዙ ለውበት አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም ሽቦ እኩል እንዲነካ ነው፤ እኩል ከነካቸው ልዩነታቸው አይቀየርም።

ኮዶቹን ያጠፋሁት አሁን ነው። ማሽኑ ቀጥታ ድንጋይ ላይ ገባ፤ ኦሲሎስኮፑም እዚያው ታስሮ። እስከ 11 ሰዓት ሠራ። ምንም አልያዘም። እንደሞቀ አቁመን ነቀነቅነው፤ 60 ኦም፣ ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

ኦፕሬተሩ አንድ ጥያቄ ነበረው። «ለምንድነው አንዳንዴ ራሱ የሚመለሰው፣ አንዳንዴ ቁልፍ ካልዘጋሁ የማይመለሰው?» እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ስህተት ይቆጥራል። በላኪነቱ የቆጠረው ከ255 ካለፈ መስመሩን እንዳይረብሽ ብሎ ራሱን ከመስመሩ ያወጣል። አንዳንዱ ኮምፒውተር ከዚያ በኋላ ራሱ ይመለሳል። አንዳንዱ ቁልፍ ካልተዘጋ አይመለስም። ፒኑ ለአፍታ ሲለቅ ቆጣሪው እዚያ ሳይደርስ ይመለሳል፤ እየያዘ እየለቀቀ ሲቆይ ግን ሊያልፍ ይችላል። «እኔ ደግሞ ጠባዩ መስሎኝ» አለ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ማሽኑ ሌላ ሰው ሳይነካው ሲሠራ አደረ ማለት ይቻላል፤ ትናንት ማታም በፓውዛ ጭኗል። ኮድ የለም። ባለቤቱ ኮምፒውተር መግዛቱን ትተውታል። አሁን የሚጠይቁኝ ስለ ናፍጣው ነው።

የጂፒኤስ ገጣሚው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። በስልክ ተነጋግረናል። ሽቦ ሳይላጥ ከላይ ተቆንጥጦ የሚያነብ የካን ማንበቢያ አለ፤ መስመሩ ላይ ምንም አይልክም፣ ያዳምጣል ብቻ። እሱን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ከሌለው ቅጥያው ከ1 ሜትር ያጠረና የተጠማዘዘ ይሁን፤ በትክክለኛ ማገናኛ እንጂ በናስትሮ አይሆንም። ማሽን አጣቢውን ልጅም አሳይቼዋለሁ፤ ሶኬቶቹ ያሉበት ግድግዳ ላይ የግፊት ውሃ አይረጭም፣ በጨርቅና በብሩሽ ነው። «ታዲያ ጭቃው መች ይለቃል?» ብሎ ተከራከረኝ። ብሩሹን ሰጠሁት።